ሳታስፈቅዱን ስላወጣችሁት ሁለተኛ አልበም፦ ይድረስ ለጃኖ ባንድ

ቁጥር፦ ገና አልወጣለትም
ቀን፦ ሻደይ ሲቃረብ
ለ፦ ጃኖ ባንድ፣ አዲስ አበባ
ከ፦ ራሳቸውን በራሳቸው ከሾሙ አድማጮች፣ ሰቆጣ
ጉዳዩ፦ «ለራስህ ነው» የተባለውን አልበም ይመለከታል

እንደምን ከርማችኋል? እኛ ከመብራቱ፣ ከኔትወርኩና ከዝናቡ በቀር ደህና ነን።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሆኖ ሳለ አቤቱታችን ዛሬ መድረሱ አይግረማችሁ። እናንተም የመጀመሪያውን፣ «ኤርታሌ»ን፣ በ2012 አውጥታችሁ ሁለተኛውን ለማውጣት ስድስት ዓመት ገደማ ስለፈጀባችሁ በመዘግየት የምትወቅሱበት አፍ የላችሁም። ሁለተኛው ከወጣ ወዲህ ጦርነት ደጃችን መጥቷል፤ መብራትና ስልክም ለወራት ጠፍቷል። ክርክራችን ግን አንድ ቀን አልተቋረጠም። በጨለማም ተከራክረናል፤ ዘፈኑን የምንሰማበት መንገድ ባልነበረን ጊዜማ እንዲያውም ክርክሩ ይበልጥ ሰምሮልን ነበር።

«ሰቆጣ ተቀምጣችሁ ስለ ሮክ ምን አገባችሁ?» እንዳትሉን አስቀድመን መብታችንን እናስረዳ።

አንደኛ፣ ከበሮ በአገራችን በዋግ እንደተገኘ የሚደለቅ ነገር አልነበረም። ዛጉዌዎች በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ የዘራቸው ወራሾች የሆኑት ዋግሹሞች በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት መብት እንደተጠበቀላቸው ይነገራል። የነጋሪት ጉዳይ በውል የተቋጨበት አገር ሰው፣ ያን ሁሉ ድራም በማን ፈቃድ እንደምትደበድቡ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ስማችሁንም የወሰዳችሁት ከመኳንንቱ ልብስ ነው፤ የኪራዩን ነገር በሌላ ደብዳቤ እንመጣበታለን።

ሁለተኛ፣ ጊታራችሁ እያጓራ የሚሮጥበት ቅኝት የእኛው የአገር ቤት ቅኝት ነው። ትዝታን የሁሉም ነው ብለን ትተንላችኋል። ባቲና አምባሰል ግን የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ዋግም ለረጅም ዘመን የወሎ አውራጃ ነበር። ባለርስት ነን ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሮክ ስለ እኛ ሲዘፈን እናንተ አልነበራችሁም። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቢቢሲ ከጎረቤታችን ከኮረም ያሰራጨው የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ኅዳር ላይ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የጻፉት የባንድ ኤይድ ዘፈን ወጣ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ላይቭ ኤይድ ተካሄደ፤ እነ ኩዊን፣ እነ ዩቱ በእኛ ስም ጊታር መቱ። የዘፈኑ ርዕስ ገና መሆኑን እናውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ላሊበላን ያቀፈችው ላስታ ድንበርተኛችን ናት። ገና ሲደርስ ስንቁን በትከሻው አንግቶ በእግሩ ወደዚያ የሚተም ሕዝብ ባለበት አገር ይህን መጠየቅ ድፍረት ነበር፤ ነገር ግን ማን ይቆጣል? ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1989 በሌሎች ድምፆች እንደገና ተቀረጸ፤ በ2004ም፣ በ2014ም ተደገመ። «ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ፣ ነፍስ የለውም» ብሎ ከሰቆጣ የተላከ አንድም ቅሬታ አልሰማንም። ስንዴ የሚከተለውን ዘፈን የሚተች የለም።

የራሳችን ልጆች በራሳችን ቋንቋና በራሳችን ቅኝት ጊታር ሲያነሱ ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልናቸው። ለዚህ ይቅርታ የምንጠይቅ እንዳይመስላችሁ፤ አቤቱታው ገና መጀመሩ ነው።

«ኤርታሌ» ሲወጣ ያልነውን ታስታውሳላችሁ። «ፈረንጅ ሆኑ» አልን። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል መሆኑን ስንሰማ ደግሞ ጥርጣሬያችን ተረጋገጠ። ሰውየው ከዚያ በፊት የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም ከእነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ጋር አዋህዶ የሠራ ነው። ያን ጊዜም «ዘፈናችንን በጃዝ በረዙት» ያለ ነበረ፤ ዛሬ ያንን አልበም ለእንግዳ የሚጋብዘው ያው ሰውዬ ነው። የያኔው ሥራ አስኪያጃችሁ አዲስ ገሠሠም ከማርሌ ልጅ ከዚጊ ጋር የሠራ ሰው ስለነበር «ደግሞ ሬጌው የት ሄደ?» ያለም አልጠፋ። አራት ድምፃውያን መሆናችሁም አስከፋን። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ ባንድ መድረክ ላይ ሲሰለፉ «ይህ ባንድ ነው ወይስ ማኅበር?» ብለን ነበር።

ከዚያ «ለራስህ ነው» መጣ። በመጣበት ቀንም «ኤርታሌ» ቅርስ ሆነ። ጆሮ ይበጥሳል ያልነው ጊታር «የወርቃማው ዘመን ጊታር» ተባለ፤ ፈረንጅነት ያልነውም «የራሳቸው ቀለም» የሚል ስም ወጣለት። እንዲህ ያለውን ሹመት ከሁለተኛ አልበም በስተቀር የሚሰጥ የለም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። እዚህ ያለነው አድማጮች በሦስት ወገን ተከፍለናል።

የመጀመሪያው የ«ኤርታሌ» ወገን ነው። አቤቱታው አጭር ነው፦ ተለውጣችኋል። ጊታሩ ለዝቧል፣ ዜማው ለሠርግ ቤት ተመችቷል፣ የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን ጥላችኋል። ሁለተኛው የ«ለራስህ ነው» ወገን ሲሆን የእርሱም አጭር ነው፦ በበቂ አልተለወጣችሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ያንኑ ጩኸት ይዞ መምጣት ምን የሚሉት ነው? ደግሞም «ደጋግማችሁ ስሙት፣ ይገባችኋል» እያለ ሌላውን ያስጨንቃል፤ እርሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንደሰማው ሲጠየቅ ግን ጫማውን ማየት ይጀምራል። ሦስተኛው ወገን ሁለቱንም አልሰማም። ቁጥሩ የሚበዛውም፣ ድምፁ ከሁሉ ከፍ የሚለውም ይኸው ወገን ነው።

የክርክሩን ክብደት እንድታውቁ አንዱን ውሎ እንንገራችሁ። ስፍራው ሞባይል የሚጠገንበትና ዘፈን የሚጫንበት ሱቅ ነው። የሱቁ ልጅ ሚሞሪውን ከስልኩ ፈልቅቆ ካርድ ሪደሩ ላይ ሰካና «ሮክ» የሚል ፎልደር ከፈተ። እናንተ አላችሁ፤ ሁለት የሬጌ ዘፈኖችና ማን እንደከተተው የማይታወቅ አንድ መዝሙርም አብረዋችሁ አሉ። ሁለቱ አልበሞቻችሁ ተደበላልቀው ከፊሉ «ትራክ 03»፣ ከፊሉ «ትራክ 03 ኮፒ» ተብሏል። ልጁ አንዱን ከፈተ። የ«ኤርታሌ» ወገን ቀንደኛ ገና መግቢያው ላይ እጁን አወናጨፈ፦ «ይኸው! ውድቀቱ ከዚህ ይጀምራል። አሁን ይህ ሶሎ ነው? የድሮው ሶሎ እኮ ያቃጥል ነበር።» ጎረቤት ጠላ ቤት ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ አብራራ። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠውና በማውሱ ፋይሉን ጠቅ አድርጎ መረጃውን አሳየን። ዘፈኑ የ«ኤርታሌ» ነበር።

ቀንደኛው ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያም «እኔ እኮ ያልኩት አጫጫኑን ነው፤ ድምፁን ጨምቆታል» ብሎ ወጣ። አቋሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ለጫኙ ጥቂት ብር ከፈልን። ለእናንተ የደረሳችሁ ካለ አሳውቁን፤ እኛ የላክነው የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን እናውቃለን። አዋጁ ግን የሚናገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ጥበብ ነው፤ ሁለቱን ባታቀላቅሉብን ደስ ይለናል።

የዓለሙን ልምድም አጥንተናል፤ ሁሉም በእናንተ ላይ ይመሰክራል። ሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አልበሙን በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አውጥቷል፤ ስለዚህ ሰንፋችኋል። ዘ ስቶን ሮዝስ የ1989ኙን አልበሙን በ1994 ቢያስከትል፣ የጠበቀው ሕዝብ «ለዚህ ነው ያስጠበቃችሁን?» አለው፤ ስለዚህ መቸኮል ነበረባችሁ። ኒርቫና ዓለምን ያዳረሰው በ1991 በወጣው ሁለተኛ አልበሙ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መብለጥ ነበረባችሁ። እዚሁ አገራችን ቴዲ አፍሮ በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል»ን ሲያወጣ የ«አቡጊዳ»ው ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፤ ስለዚህ መለወጥ ነበረባችሁ። ሳትለወጡ ደግሞ መለወጥ እንደነበረባችሁ መቼም ግልጽ ነው።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን ወስነናል። ሦስተኛ አልበም ካወጣችሁ፣ አንድም አዲስ ነገር ሳይኖርበት ፍጹም አዲስ ይሁን። ጊታሩ ይጩህ፤ ሆኖም እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ አይረበሹ። ግጥሙ ጥልቅ ይሁን፤ ሆኖም ባጃጅ ውስጥ በግማሽ ጆሮ ሰምተነው ይግባን። ቶሎ ይውጣ፤ ሆኖም በጥድፊያ የተሠራ አይምሰል። በነፃ ይድረሰን፤ ሆኖም ቀረጻው የውጭ አገር ጥራት ይኑረው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ዘግተን ማኅተም ልንፈልግለት ስንል፣ ሻደይ እየተለማመዱ ያሉ ልጃገረዶች የከበሮ ድምፅ በአጥር በኩል መጣ። ጸሐፊያችሁም ብዕሩን አቆመ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእርሱ የብቻው ነው፤ የቀሩት አድማጮች አላጸደቁትም።

የሻደይ በዓል በየዓመቱ ነሐሴ 16 ይጀምራል። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ዜማው የአያቶቻቸው ነው፤ ግጥሙን ግን እንደየሰዉና እንደየዘመኑ እዚያው ቆመው ይጨምሩበታል፣ ይቀንሱበታል። በየዓመቱም አንድ አዛውንት በረንዳው ላይ ሆነው «የእኛ ጊዜ ሻደይ እንዲህ አልነበረም» ማለታቸው አይቀርም። የአዛውንቱ እናት ልጃገረድ በነበሩ ጊዜም በረንዳው ላይ ይህንኑ የሚል ሌላ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሻደይ ግን ቀጥሏል፤ የቀጠለውም በየዓመቱ ጥቂት ስለሚለወጥ ነው።

በዚያ ላይ ልጃገረዶቹ እናንተ የሌላችሁ ኃይል አላቸው። የሰማ ይሰጣል፤ የሰጠ ይወደሳል። ሰምቶ ኪሱን የዘጋውን ደግሞ እዚያው ደጁ ላይ በግጥም ይሸነቁጡታል፣ ጎረቤትም ይስቅበታል። «ባለፈው ዓመት ይሻል ነበር» የሚል ሰው እንኳን መጀመሪያ ይሰጥና ነው ቀጥሎ የሚያጉረመርመው። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ፍትሐዊም ነው።

እኛ ይህን ሥርዓት ለሻደይ እንጠብቃለን፤ ለባንድ ሲሆን እንረሳዋለን። አልበሙን አለመውደድ መብት ነው። «ኤርታሌ» ይበልጣል ማለትም ይቻላል፤ እኔ ራሴ ከሁለተኛው የምዘልላቸው ዘፈኖች አሉኝ። ነገር ግን ከፍሎና ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ የሚያጉረመርም አድማጭ ሌላ ነው፤ የተደበላለቀ ሚሞሪ ይዞ የሚፈርድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ባንድን ያሳድጋል። በእኛ አገር ሮክ ባንድ በጣት የሚቆጠረው የሁለተኛው ዓይነት አድማጭ ስለሚበዛ ጭምር ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ አልበም የማውጣት ሐሳብ ካላችሁ አታስፈቅዱን። ብታስፈቅዱንም ሦስት የተለያየ መልስ ነው የምንሰጣችሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
– ለ«ኤርታሌ» ወገን፦ ዘፈኑን ከመስደብ በፊት የማን እንደሆነ እንዲያጣራ
– ለ«ለራስህ ነው» ወገን፦ ሌሎች ደጋግመው እንዲሰሙት የሚመክረውን አልበም ራሱ ደጋግሞ እንዲሰማ
– ለሦስተኛው ወገን፦ ቢያንስ አንዱን እንዲሰማ
– ለአንባቢ፦ የሚወዱትንም የሚጠሉትንም አልበም ገዝተው እንዲሰሙ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን እንዲሉ