ሐተታ ዘባያስ፤ የሁለቱ ጥቃቅን ማስተካከያዎች ነገር ከነአንድምታው

የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተንከራተቱ፣ የጣናን ገዳማት ብራና የቆጠሩ፣ የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር የጻፉ ሊቃውንት ሞልተዋል። በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ በአክስቴ ቡፌ ላይ ስለተቀመጠው የድምፅ ማጉያ ሆድ ዕቃ ግን አንድ መስመር የጻፈ አላገኘሁም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዕሬን ካነሣሁ እነሆ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ቤተሰቡም ምሳ ሲቀርብ ካልሆነ አይጠራኝም።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። ይህ ዕቃ በአገራችን ሦስት ስም አለው። በጽሑፍ ቋንቋ "ድምፅ ማጉያ" ነው። ጠጋኞች "አምፕሊፋየር" ይሉታል፤ ሲቸኩሉ "አምፕ"። ሠርግ ደጋሽና ሰባኪ ግን "ሞንታርቦ" ይላሉ፤ የአንድ ጣሊያናዊ አምራች የንግድ ስም ነበር፤ ከፋብሪካው ካመለጠ በኋላ የሚጮህ ነገር ሁሉ ስም ሆነ። የአክስቴ ሞንታርቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ ፊቱ ብርማ፣ ጎኑ እንጨት የለበሰ፣ ሲያነሡት ወገብ የሚያስታውስ ዕቃ ነው።

ነገሩ የተነሣው በሁዳዴ ነው። አክስቴ በጾም በገና ትሰማለች፤ ያውም ዝቅ አድርጋ፤ በእሷ ሥርዓት ጾምና ጩኸት አብረው አይሄዱም። በገና ደግሞ ዐሥር ጅማት አለው፤ በየጅማቱና በበርኩማው መካከል "እንዝራ" የምትባል የጠፍር ቁራጭ ትሸጎጣለች። ያ ሆድ የሚያላውስ ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ ከግራው ስፒከር የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ቤቱ ሁሉ ለዓመታት እንዝራ ነው ብሎ ተቀብሎት ኖረ። እንዲያውም አንድ ጎረቤታችን "የእናንተ ቤት በገና ይለያል" ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ምሥጢሩን ያወጣው ዋሽንት ነው። አንድ ማታ ከበገናው ቀጥሎ ዋሽንት መጣ፤ ዋሽንቱም ያንኑ ዝዝታ ይዞ መጣ። ዋሽንት እንዝራ የለውም። ይህች ዓረፍተ ነገር አጭር ብትሆንም የዚህ ሐተታ የማዕዘን ድንጋይ ናት፤ አንባቢ ቆም ብሎ ይያዛት።

ዝዝታው እንግዲህ የማጉያው ነው፤ የጥፋቱም መነሻ ባያስ ይባላል። ወደ ትርጓሜው። ባያስ ማለት ማዘንበል ነው። አንድም ማሟሸት ነው፤ ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ ዓይን ያለው እንጀራ እንደማይሰጥ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ቀድሞ ያላሟሸው ትራንዚስተርም ለስስ ድምፅ አይነቃም። አንድም ማንቂያ ነው። ይህ ሦስተኛው የራሴ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ቀኝና ግራን ያውቃል። የቀኝ ጌታው ወገን ሲያነሣ የግራ ጌታው ወገን ያርፋል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። የማጉያው የመውጫ ትራንዚስተሮችም እንዲሁ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ ይይዛል፣ ሌላው የታችኛውን። ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፉ ቢዘምሩ ክላስ ኤ ይባላል፤ ዜማው ያምራል፣ ጉልበቱ ግን አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ያረፈው ወገን ጨርሶ እንቅልፍ ቢወስደው ክላስ ቢ ነው፤ ተራው ደርሶ እስኪነቃ ድረስ ዜማው መካከል ላይ ይቆረጣል። በስስ ድምፅ ጊዜ የሚሰማው ዝዝታ ይኸው ቁራጭ ነው። ድምፁ ሲጨምር ቁራጩ አብሮ ስለማያድግ ይዋጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ አክስቴ ከፈት ስታደርገው ማጉያው የተፈወሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። በመካከላቸው ያለው ክላስ ኤቢ ነው፤ ያረፈው ደብተራ መቋሚያውን ተደግፎ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ይጠብቃል። ለዚያች አንድ ዓይን የሚቀዳው ቡና፣ የዘጌ ይሁንለት፣ ባያስ ነው። ቀጂዋ ደግሞ የጥፍር ያህል ፖቴንሽዮሜትር ናት፤ ለግራው ስፒከር አንድ፣ ለቀኙ አንድ።

ቡናው ቢበዛስ? ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ንቃቱ ይቀላል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመንቂያው ቮልቴጅ 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የሞቀው አብዝቶ ይጠጣል፣ አብዝቶ የጠጣው ይብስ ይሞቃል፣ መጨረሻው ጭስ ነው። እዚህ ላይ ጂኦግራፊ ጣልቃ ይገባል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ አየሩም ከታች ካለው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ከማቀዝቀዣው ብረት ሙቀት የሚሸከመው በመጠኑ ያንሳል። የጃፓን መሐንዲሶች "ባሕር ዳር" ሲባል ሰምተው የባሕር ዳርቻ መስሏቸው ከሆነ ተሸውደዋል።

ስለ ቀጂዋ ታሪክም ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1952 ማርላን ቦርንስ የተባለ አሜሪካዊ በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ በስሙ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ሁለተኛውን ብቻ ይዘው የመጀመሪያውን ዘለውታል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ለትውልድ ፍርድ እተወዋለሁ።

ክዳኑን የፈታው ልጅ ፖሊ ኤሌክትሪካል የተማረ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ነው። የማሕሌቱን ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። "እሺ ጋሼ፤ እስቲ ያቺን ፒንሳ" አለኝ።

ከውስጥ የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ማስተካከያዋን በባትሪ አሳየኝ፤ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጥቁር የካርቦን መንገድ፣ በላዩ የምትንሸራተት ቀጭን የብረት ምላስ። ምላሷ የስንት ክረምት እርጥበት ጠጥታ ጠቁራለች። ሰርኪዩቱ ላይ እንዳለች መለካት ያሳስታል ብሎ ነቀላት፤ ቴስተር አገናኝቶ ቀስ ብሎ ሲያዞራት ቁጥሩ 300 ኦም አለ፣ ወደ 700 ዘለለ፣ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ።

እኔ የኮንታክት ማጽጃ ነፍተንባት እንመልሳት የሚል አሳብ አቀረብኩ።

"ዛሬ ይሠራል ጋሼ። ምላሷ ከመንገዱ የለቀቀች ቀን ግን ባያሱ ጣሪያ ይነካል፤ ትራንዚስተሮቹ አብረው ይሄዳሉ።"

"የግራዋን ብቻ እንቀይራ?"

"ቀኟም እኩያዋ ናት" አለና ሁለተኛዋን ነቀለ።

አዲሶቹ 1 ኪሎ ኦም፣ እንደ አሮጌዎቹ፤ ነገር ግን ሽፍን ናቸው፤ እርጥበት አይገባቸውም። አሮጌዋ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዙር እንኳ አትሞላም፤ አዲሷ 25 ዙር ትሄዳለች። አሮጌዋን ጥፍር ታህል ብትነካት ቁጥሩ ይዘላል፤ አዲሷን ሙሉ ዙር አዙረህ ቁጥሩ ፈቀቅ ማለቱን አጎንብሰህ ታያለህ። እግሮቻቸው ግን አይገጥሙም፤ የአሮጌዋ በጉልቻ፣ የአዲሷ በሰልፍ ነው። ልጁ የመካከለኛዋን እግር በፒንሳ አጥፎ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገባትና በየዳ።

ከመብራቱ በፊት ማስተካከያዎቹ ባያሱ ዝቅ በሚልበት ጫፍ መቆም አለባቸው። ይህን ክብር እኔ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝም። ከምላሷ እስከ ግራ እግሯ ለክቼ አዞርኩ። ልጁ ማጉያውን በቀጥታ 220 ቮልት ላይ አልሰካውም፤ በመስመሩ መካከል ባለ 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ መደብዘዝ አለበት፤ ካልደበዘዘ ማጉያው ከሚገባው በላይ እየጠጣ ነው። የእኛ አምፖል ቦግ አለ፤ ሳሎኑንም አበራ፤ የአክስቴን የሠርግ ፎቶ አየነው። ልጁ ምንም ሳይናገር ሶኬቱን ነቀለ። ግራ ማለት ግራ ነው፤ አንድም ቦርዱ ሲገለበጥ ቀኝ ነው። ሊቃውንት በዚህ አይስማሙም፤ እኔ አልተስማማሁም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ደብዘዝ አለ። ልጁ አምፖሉን ከመስመሩ አወጣው፤ ልኬቱ በሙሉ ቮልት ካልሆነ ውሸት ነው። ስፒከሮቹ ተነቅለዋል፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ነው። ቴስተሩን በ0.22 ኦሟ ሬዚስተር ግራና ቀኝ አስይዞ 10 ሚሊ ቮልት እስኪደርስ አዞረ፤ 45 ሚሊ አምፔር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሲሞቅ ወደ 13 ወጣ፤ መለሰው። እንደገና ጠበቅን። አክስቴ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ "ምንድን ነው የምትጠብቁት?" አለችን፤ ሙቀት አልኳት፤ ቡና አፈላች።

ስፒከሮቹ ተሰኩ። ዋሽንቱ እንደ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ቀጥሎ በገናው መጣ፤ እንዝራው ከነግርማው፣ በእያንዳንዱ ጅማት ላይ ለብቻው ይሰማል። እኔ እጄን አጣምሬ ምስጋና ጠበቅሁ።

አክስቴ ጆሮዋን ወደ ግራው ስፒከር ጣል አድርጋ ቆየችና፣ "ምን አደረጋችሁት? ድሮ እኮ ያለቅስ ነበር" አለች።

ስለ እንዝራና ስለ ባያስ ልዩነት፣ ስለ ግራ ጌታው እንቅልፍ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በቃሌ ተናገርኩ። እንዝራው እንዳለ አለ፤ የጠፋው ሌላው ነው አልኳት።

"እኔስ የጠፋውን አይደል የምልህ።"

ልጁ ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ። "ሃያ አምስት ዙር አለው እማማ፤ ደስ ያልዎት ላይ አቆመዋለሁ።"

"የግራውን ብቻ" አለች አክስቴ፤ "ትንሽ።"