አሻንጉሊት አይበርዳትም

ታዝማኒያ የምትባለው የአውስትራሊያ ደሴት ከመንዝ ጋር አንድ ዝምድና አላት፤ ባሕር ዛፍ። በየጓሯችን የተገተረው፣ ለቤት ማገርም ለማገዶም ለጉንፋን መታጠኛም የምንጨርሰው ነጭ ባሕር ዛፍ ከትውልድ ቀዬዎቹ አንዱ እዚያ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእንግድነት መጥቶ ደጋውን ወርሶ ቀረ። እኛ ያላሰብነውን አገልግሎት ያሰበችለት ግን ሶንያ ሲንግ የምትባል የዚያው ደሴት ነዋሪ ናት። በዘይቱ የአሻንጉሊት ፊት ታጥብበታለች።

እ.ኤ.አ. በ2015 ወሬዋ ዓለምን ያዳረሰው ይህች ሴት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተጣሉ አሻንጉሊቶችን ትለቅማለች። ከንፈራቸው ያበጠ፣ ዓይናቸው እስከ ጆሮ ግንዳቸው የተኳለ፣ ገና በጠዋቱ ለጭፈራ ቤት የለበሱ ናቸው። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና በባሕር ዛፍ ዘይት የፋብሪካውን ቀለም ትፍቅና በቀጭን ብሩሽ የሰፈር ልጅ ፊት ትስልላቸዋለች። ባለ ተረከዙን ጫማ በሚያስሮጥ ጫማ ትለውጥላቸዋለች። እናቷ ደግሞ ሹራብ እየሠሩ ያለብሷቸዋል። ዓለም «ምን ዓይነት ጥበብ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ይህን ለአንዲት የመንዝ ባልቴት ብትነግሯቸው «ፊት ማጠብና ሹራብ ማልበስ ነው ያስደነቃችሁ?» ማለታቸው አይቀርም።

ነገሩ የሚገባው የአሻንጉሊቷን የኋላ ታሪክ ላወቀ ነው። የዚህ ሁሉ ጣጣ እናት ባርቢ ናት፤ አሜሪካዊቷ ሩት ሃንድለር በ1959 ለገበያ ያወጣቻት። ቁመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ወገቧ ሆድ ዕቃ ሊይዝ መቻሉ ያጠራጥራል። በ1965 የወጣችው ባለ ፒጃማዋ ባርቢ ሚዛን ይዛ ነበር፤ ሚዛኑም 50 ኪሎ ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ። አብሯት ስለ ክብደት መቀነስ የምትመክር ሚጢጢ መጽሐፍ ነበረች። ምክሯ ባጭሩ ምግብ የሚባል አትንኪ ነው። (መንዝ ላይ ለዚህ መጽሐፍ አላስፈለገም፤ ሁዳዴ አለ።) እግሯ ለባለ ተረከዝ ጫማ ተብሎ የተቀረጸ ስለነበረ ባዶ እግሯን አትቆምም ነበር። የግሼ ጭቃ ላይ ብትወርድ ምን እንደምትሆን ማሰብ ነው።

ጥቁር ሆና «ባርቢ» የሚለውን ስም ለመያዝ እስከ 1980 መጠበቅ ነበረባት፤ የቀረጸቻትም ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ዳሌ የተፈቀደላት በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በ2014 ኒኮላይ ላም የተባለ ሰው የተራ ወጣት ቁመና ያላት አሻንጉሊት ሠርቶ፣ ብጉርና ጠባሳ የሚመስል ተለጣፊ ጭምር አቀረበላት። እኛ ብጉር ለማጥፋት ቅባት እንገዛለን፤ እነሱ ብጉር ለመለጠፍ ይከፍላሉ። አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትም ንግሥት ማክዳን በአሻንጉሊት ሠርተው ነበር። እሷ እንኳ ዘውድ ስላላት ማንም ፊትሽን ታጠቢ አይላትም።

ይህን ሁሉ የምርምር ድካም የእኛ አገር ልጆች ድሮ ጨርሰውታል። መርሐ ቤቴ ቆላው ላይ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ባለ ጠጉሩ እሸት አሻንጉሊት ነው፤ ጠጉሩ ይጎነጎናል፤ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ ይታዘላል። ደጋው ላይ ጭራሮና ብጣሽ ጨርቅ ይበቃል። የወገብ ልኬት የለ፣ ሚዛን የለ። ልጅቷ ራሷ ሠሪዋ ስለሆነች አሻንጉሊቷ እናቷን ትመስላለች።

አሁን ግን ከተማው ገበያ ላይ ባለ ቢጫ ጠጉሯ ፕላስቲክ ደርሳለች። አንዲት ልጅ ይቺ ተገዝታላት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ቢጫውን ጠጉር ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ሠራችው። ግንባሯ ላይ በእስክሪብቶ መስቀል ነቀሰቻት። ያቺን ብጣሽ ቀሚስ አውልቃ በነጠላ ቅዳጅ ጠቀለለቻትና አዘለቻት። እናት ይህን ሲያዩ «ስንት ብር የወጣበትን አበላሸሽው!» ብለው በኩርኩም አሏት። ያው ሥራ ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ መግቢያ ይከፈልበት ነበር።

ጉዱ ያለው ግን ትልልቆቹ ዘንድ ነው። ፈረንጅ አሻንጉሊቷን ሰው ለማስመሰል ቀለሟን ሲፍቅ፣ እኛ ሰዋችንን አሻንጉሊት ለማስመሰል ቀለም እንለስናለን። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሠርግ ወር ደግሞ ጥር ነው፤ ጥርና ውርጭ ወዳጆች ናቸው። ሙሽራዋ ትከሻው የተራቆተ የኪራይ ቬሎ ለብሳ፣ ሂውማን ሄሯን ደፍታ፣ አርቴፊሻል ሽፋሽፍቷን ተሸክማ ትወጣለች። ፊቷ ከአንገቷ ሁለት ደረጃ ቀልቷል። አክስቷ ጋቢ ሊያለብሷት ሲጠጉ ካሜራ ማኑ ይጮኻል፦

«ማዘር፣ ጋቢውን አንሱላት! ፎቶ ያበላሻል!»

«ኧረ ልጄን ብርድ ገደላት!»

«አንዴ ብቻ፣ ማዘር፤ አንዴ ፈገግ ትበል።»

እሱ ራሱ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቷል። ሙሽራዋ ፈገግ ትላለች፤ ጥርሷ ግን ይንገጫገጫል። ቪዲዮው ላይ ሙዚቃ ስለሚገባበት አይሰማም።

ይህ የሚሆነው እንግዲህ በበግ አገር፣ ሴቶች የበግ ጠጉር ፈትለው ባና በሚያሠሩበት፣ ጥቁሩ በርኖስ የክብር ልብስ በሆነበት በመንዝ ነው። ባና እንደሚኮሰኩስ አልክድም፤ ብርድ ግን አያስገባም። ስለዚህ የዘንድሮ ጥር ካሜራ ማኖች፣ አንድ ልመና አለኝ፦ ነጩ ቬሎ ላይ ጥቁር በርኖስ አስደርባችሁ አንድ ፎቶ አንሡልን። ካላማረ ታጠፉታላችሁ፤ ሙሽራዋ ግን እስከዚያው ትሞቃለች።