ከመቶ በታች የሆኑት ሰዎች የት ሄዱ?

የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የጠፉ ሰዎችን ማፈላለግ ነው። የጠፉት ጥቂት አይደሉም፤ ከሰው ልጅ ግማሽ ያህሉ ናቸው።

የችግሩ መነሻ እንዲህ ነው። በቤተ ዘመዳችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከሠርግ ፎቶና ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ቀጥሎ በብዛት የሚለጠፈው የአይኪው (የማሰብ ችሎታ ፈተና) ውጤት ስክሪንሾት ነው። አዲስ አበባ ያለው ይለጥፋል፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ይለጥፋል፣ ዱባይ ያለችውም በእረፍት ቀኗ ትለጥፋለች። አጥኚው እነዚህን ስክሪንሾቶች በአመቺ ናሙና ዘዴ (ማለትም ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ) ሰብስቦ ሲመረምር ዝቅተኛው ውጤት 117 ሆኖ አግኝቶታል። ያንን ያመጣው ሰውም «ኔትወርክ እየተቆራረጠብኝ ነው» የሚል ማስታወሻ አያይዟል።

ለዘመዶቹ ያለው አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አጥኚው እዚህ ላይ የሒሳብ ችግር ገጥሞታል። በአይኪው መቶ ማለት እንደ ማትሪክ ነጥብ የሚያልፉት ወይም የሚወድቁበት ነገር አይደለም። ደህና ፈተና የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ አገሩን የሚወክሉ ሰዎች መርጠው አስቀድመው ይፈትናሉ፤ መሀል ላይ የተገኘውን ውጤት መቶ ብለው ይሰይሙታል። ስለዚህ ግማሹ ሕዝብ ከመቶ በታች የሚሆነው ሰንፎ ሳይሆን መቶ የተተከለው መሀሉ ላይ ስለሆነ ነው። ከመቶ ሰው 68 ያህሉ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ 130ን የሚያልፉት ከመቶ ሁለት ያህል ቢሆኑ ነው። በእኛ ግሩፕ ግን ከ130 በታች ያለው ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚለጥፈው። ወይ የእኛ ዘር ተለይቶ ተባርኳል፣ ወይ የዓለም ግማሽ የሆነ ቦታ ተደብቋል። የግሩፑ አባላት የመጀመሪያውን መላ ምት በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል። አጥኚው ለገለልተኝነቱ ሲል ሁለተኛውን ይዞ ሄዷል።

ክለሳ ድርሳናቱ እንደሚያሳየው የጠፉት ሰዎች በአንድ ወቅት ነበሩ። እንዲያውም ፈተናው የተፈጠረው ለእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን መለኪያ ሲያዘጋጅ የታሰበው በትምህርት ወደኋላ የቀሩና እገዛ የሚሹ ሕፃናትን ለመለየት ነበር፤ ሊቅ ለመቀባት አልነበረም። 30 ጥያቄዎች ነበሩት። በመጀመሪያው ክብሪት ተለኩሶ ወዲያ ወዲህ ሲል ልጁ በዓይኑ ይከተለው እንደሆነ ይታያል። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ቁራጭ ቸኮላትና ቁራጭ እንጨት ይቀርብለታል፤ የሚበላውን መለየት አለበት። አጥኚው ባያቸው የኢንተርኔት ፈተናዎች ውስጥ የእንጨቱ ጥያቄ የለም። የእሱ መቅረት የዘመዶቹን ነጥብ ከፍ አድርጎት ይሆን የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ከዚያ ነገሩ አሜሪካ ተሻገረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮበርት ዬርክስና ባልደረቦቹ 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደር ፈተኑ። ማንበብ ለሚችለው «ክሪስኮ ምንድን ነው?» የሚል ቀረበለት፤ የጥርስ ሳሙና? መድኃኒት? የሚበላ ነገር? (ክሪስኮ የአገሩ የአትክልት ቅባት ነው፤ ያልገዛው አያውቀውም።) ማንበብ ለማይችለው ደግሞ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ሥዕል ተሰጥቶት የጎደለውን ሙላ ተባለ። ከደቡብ ጣሊያን ገጠር በመርከብ የመጣ ምስኪን ገበሬ ሜዳውን ባዶ ባዶውን ሲያይ የጎደለው በሬ መስሎት ከሆነ ማን ይፈርድበታል? ለማንኛውም፣ ከመቶ በታች የሆኑት ሰዎች በገፍ የታዩት በዚያ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ከገባ ወዲህ ግን ዱካቸው ጠፍቷል።

ስለዚህ አጥኚው የመስክ ሥራ ለማድረግ ተገደደ። ፈተናውን ከፈተ፤ ሦስት ማዕዘኖች ይሽከረከራሉ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከጥግ ጥግ ይዘላል፣ ቀጣዩ የትኛው ነው ይላል። ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ጆን ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ፈተና የልጅ ልጅ ስለሆነ አጥኚው በአክብሮት ተቀብሎታል። ይሁንና ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ ሲነሣ ስልኩ የአራት ዓመት የእህቱ ልጅ እጅ ገባ። ልጅቷ ፊደል ገና አልቆጠረችም። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ታችኛዋን የቀኝ ሣጥን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ሣጥኗ በተነካች ቁጥር አረንጓዴ ስለምትሆን ደስ ብሏታል። በመጨረሻ «ውጤትዎ እየተሰላ ነው» የሚል መጣ፤ አንድ መስመር ቀስ እያለ ሞላ፣ ሊያልቅ ሲል ቆም አለና አሰበ፣ ከዚያ 124 አለ። ከስሩም «ሌሎች የማያዩትን ያያሉ፤ ነገር ግን ያለዎትን አቅም ገና ሙሉ በሙሉ አልተጠቀሙበትም» ይላል። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ፍጹም እውነት ነው።

«ድሮም ዓይኗን አይቼ አውቄያለሁ» አሉ አያቷ። «እንዲህ ሆና ሳለ ነው ኬጂ አንድ የሚያስቀምጧት?»

አጥኚው ስልኩን ለአክስቱም ሰጣቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ሥዕሉን ፊት ለፊት አዩት፤ ስልኩን አዙረውም አዩት።

«ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?»

«የጎደለውን ይምረጡ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«የጎደለውን ካወቀው ለምን ራሱ አይሞላውም?»

ውጤት አልተመዘገበላቸውም።

ከዚህ የሚገኘው ግኝት የማያሻማ ነው። አስተማማኝነት ማለት ደጋግመው ሲለኩ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ከሆነ፣ የኢንተርኔት ፈተና ወደር የለውም፤ ከግሩፑ አንዱን አጎት ቢለካ 126፣ ፊደል ያልቆጠረችውን ቢለካ 124። በሰው ፊት የሚሰጠው ፈተና፣ ለምሳሌ ዴቪድ ዌክስለር ያወረሰን ዓይነት፣ በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ከተፈታኙ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል፤ ኩብ ያስደረድራል፣ ቁጥር ወደፊትም ወደኋላም ያስደግማል፣ የቃላት ፍቺ ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹ እንዳይሸመደዱ ይቆለፍባቸዋል። በመጨረሻም አንድ ቁጥር ደፍሮ ከመናገር «ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እንዲህ ዓይነት መግደርደር ስክሪንሾት አይሆንም።

ከውጤቱ ስር የሚጻፈው ትንታኔ ለምን ለሁሉም ልክ እንደሚሆን ደግሞ በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ደርሶበታል። ተማሪዎቹን ፈተነና ለእያንዳንዱ «የአንተ ብቻ» ብሎ ስለ ጠባዩ የሚያትት ጽሑፍ ሰጠ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ አብዛኛውንም የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቹ ለትክክለኝነቱ ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። በግሩፓችን ከዚህ ያነሰ የሰጠ የለም። በዚሁ አጋጣሚ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንድ ጋዜጠኛ አይኪውው ስንት እንደሆነ እንደማያውቅ መናገሩ ይታወሳል። እሱ አያውቀውም፤ ግሩፓችን ግን ያውቀዋል፤ 160 ነው፣ ከነፎቶው ተለጥፏል።

በንጽጽር መታየት ያለበት የአገራችን ነባር መለኪያ እንቆቅልሽ ነው። እዚያ መውደቅ የሚባል ነገር አለ። ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ሰጥቶ ጠያቂው ካልጠገበ ሐረርን ይጨምራል፣ ከዚያም ስድቡን ጠጥቶ መልሱን ይሰማል። አጥኚው በልጅነቱ በአንድ ምሽት ሰጥቶ ሰጥቶ ከአሰብ በስተቀር ወደብ የሌላት አገር ይዞ ያደረበት ጊዜ አለ። የኢንተርኔቱ ፈተና አገር አይጠይቅም። የቪዛ ካርድ ቁጥር ነው የሚጠይቀው።

አጥኚው በመጨረሻ ራሱ ተቀምጦ ሲፈተን የገጠመው ይህ ነው። መስመሩ ሞልቶ አብቅቶ፣ ቁጥሩ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ «ውጤትዎ አስደናቂ ነው፤ ለማየት ይክፈሉ» ይላል። ቴሌብር አይቀበልም። የጠፉት ሰዎች ያሉበት ቦታ ለአጥኚው የተገለጠለት እዚህ ገጽ ላይ ነው፤ ከጭጋጉ በስተጀርባ። ዋጋውን አይተው ስልካቸውን ዘግተው ወደ ሥራቸው የሄዱት ሰዎች ቁጥራቸው ስላልታየ ናሙና ውስጥ አልገቡም። ግማሽ የሰው ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ምሳ እየበሉ ይሆናል።

አጥኚው ግን ሳይንስ ወደኋላ አይልምና ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የአጎቱ ልጅ ደወለ፤ እሱም በካርዱ ከፈለለት። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም ነበር። ከዋጋው ስር በግራጫ፣ ከጤፍ ባነሰ ፊደል፣ ክፍያው በየወሩ እንደሚታደስ ተጽፎ ኖሯል፤ መጠኑም የማኪያቶ አይደለም። «ወንድሜ፣ ያ የአእምሮ ነገርህ ዛሬም ቆርጦብኛል» የሚል መልእክት ከመጣ ወዲህ የጥናቱ ትኩረት ወደ መሰረዣው ቁልፍ ዞሯል።

ጥሩ ፈተና ከቀላል ጀምሮ እየከበደ ይሄዳል፤ መሰረዣው የመጨረሻው ጥያቄ መሆኑ ስለዚህ ተገቢ ነው። ቁልፉ በሦስት ገጽ ውስጥ ተሸሽጓል። ሲገኝም «ላለመሰረዝ ያለዎትን ውሳኔ መተው አይፈልጉም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምርጫው «አዎ» እና «አይ» ነው። የአጎቱ ልጅ 131 ያለው ሰው ነው፤ «አዎ»ን ሞክሮ ተቆርጦበታል፣ «አይ»ንም ሞክሮ ተቆርጦበታል። ጥያቄው ለግሩፑ ቀርቦ አባላቱ ለሁለት ተከፍለው እየተከራከሩ ነው። ስልኩ ለእህቱ ልጅ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ያቀረቡት አክስትየው ብቻ ናቸው።