የሻጊዝ እድር

ሆለታ ላይ አንድ ነገር ጎድሎናል። ለሰው የሚሆን እድር ሞልቷል፤ የሰፈር አለ፣ የሴቶች አለ፣ የመሥሪያ ቤት አለ። ለልብወለድ ሰው የሚሆን ግን አንድም የለንም። ስንቱ ሐዘንተኛ ድንኳን ሳይተከልለት፣ ንፍሮ ሳይቀርብለት፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ደፍቶ ብቻውን ያድራል።

ጎረቤቴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሦስቱ ተከታታይ ልብወለዶች «ዴርቶጋዳ»ን አራት ጊዜ፣ «ራማቶሓራ»ን ሦስት ጊዜ አንብቧል። «ዣንቶዣራ»ን ስንት ጊዜ እንዳነበበ ስጠይቀው የሟች ዕድሜ የጠየቅሁት ይመስል ራሱን ነቀነቀ። የአጎቱ ቀብር ላይ አብሬው ነበርኩ፤ ሰዓቱን እያየ ነው የቀበራቸው። ስለ ልብወለዱ ጀግና ስለ ኢንጂነር ሻጊዝ ሲያወራ ግን ድምፁ ይሰበራል። አልፈርድበትም። አጎቱን የሚያገኛቸው በዓመት አንዴ ነበር፤ ከሻጊዝ ጋር ግን ከአስኮ ሆለታ ስንት ወር በሚኒባስ ተመላልሰዋል፤ ያውም በአንድ ሰው ሒሳብ።

ደራሲው ይስማዕከ ወርቁ የመጀመሪያውን ክፍል፣ «ዴርቶጋዳ»ን፣ በ2001 ዓ.ም. ሲያወጣ መጽሐፉ በአዟሪ ክንድ ላይ ሆኖ አገር ዞረ። ናሳ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አለበት፤ ሰላይ አለበት፤ ጣና አለበት። አንባቢው ሻጊዝን ወዲያውኑ ከእውነተኛው የጠፈር ሳይንቲስት ከቅጣው እጅጉ ጋር አዛመደው። ቅጣው ቦንጋ ተወልደው ጥር 1998 ዓ.ም. አሜሪካ ያረፉ፣ ሥጋና ደም የነበራቸው ሰው ናቸው። «ቅጣው ምን ሠሩ?» ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅሁት። «ያው ሻጊዝ ናቸዋ!» አለኝ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ስለ ጠፈር ተምሮ፣ ሠርቶ፣ በስደት ሞቶ፣ መጨረሻ ላይ የገጸ ባሕርይ መታወቂያ ሆኖ ቢቀር ምን ይባላል? እድለኛ ይባላል። ያለ ሻጊዝ ይህችም አትገኝም ነበር።

ከቡራዩ አልፈን ገፈርሳ ስንደርስ ጎረቤቴ መጽሐፉን ያጥፍና ውሃውን ትኩር ብሎ ያያል። ጣና ውስጥ ያ ሁሉ ምስጢር ካለ ገፈርሳ ምን በወጣው ባዶውን ይቀመጣል? «አንድ ነገርማ አለ» ይለኛል፣ ረዳቱ እንዳይሰማ በሹክሹክታ። እርግጥ አለ፤ ቧንቧ አለ፣ አዲስ አበባን የሚያጠጣ። ቧንቧ ግን ምስጢር አይወጣውም፤ ቢበዛ ይፈነዳል።

ስለዚህ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አርቅቄያለሁ። ዳኛው ሦስቱንም ክፍል የጨረሰ ይሁን። ሁለቱን ያነበበ ድንኳን ይተክላል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ወንበር ይሸከማል፤ «ፊልም ሲሆን አየዋለሁ» ያለ ከአባልነት ይሰረዛል። ጡሩምባ ነፊው ከመንፋቱ በፊት የሟቹን ገጽ ቁጥር ይጠራል። ትልቁ ቅጣት መጨረሻውን ላላነበበ ሰው በተናገረ ላይ ነው። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው፤ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ልብ ድካም ያለበት ተለይቶ ነው የሚነገረው። አንዱ ግን ታክሲ ውስጥ መልሱን እየቆጠረ «እሱማ ይሞታል» ብሎ ወረደ። እንዲህ ያለው በግ ይቀጣ አይባልም፤ በግ ምን አጠፋ? ሦስቱንም ክፍል ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ለእድርተኛው ያንብብ።

ደራሲን በተመለከተም አንቀጽ አለን። ገጸ ባሕርይ ገድሎ ዝም ያለ፣ ወይም ቀጣዩን ክፍል ያዘገየ ደራሲ ሽማግሌ ይላክበታል። የሞተ ይመለሳል ወይ ለሚል ተጠራጣሪ ማስረጃ ይኸው፦ ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን በፈረንጆቹ 1893 ፏፏቴ ሥር ገድሎት ነበር፤ አንባቢ እንቅልፍ ቢነሳው በ1903 ከሞት አስነሳው። አሜሪካዊው ጆርጅ ማርቲን ግን የዙፋኑን ታሪክ አምስተኛ መጽሐፍ በ2011 አውጥቶ ስድስተኛውን እስከ ዛሬ ያስጠብቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈረንጅ የሚልክበት ስድብ ነው፤ ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶች ደጁ ላይ ቆመው «ልጃችን፣ እንግዲህ በቃ» ያሉት የለም።

ሆለታ ግን ከመጻሕፍት ጋር የቆየ ቂም አላት። በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ዛሬ ከተማችን ያለው የምርምር ማዕከል የተወለደበት የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትም የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ አገር ተላቀሰ። እናቴ ለሰብለ ወንጌል ያፈሰሰችውን እንባ ለእኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አላፈሰሰችም፤ እሱም የሚያስለቅስ ነበር። ለገብስ ዘር ግን ተራኪ አልተገኘለትም።

«ዴርቶጋዳ» በወጣበት በፈረንጆቹ 2009 ደግሞ የሆለታ ምርምር ማዕከል አንድ ድንች አወጣ። ሳቅ እንዳትሉ፤ ታሪኩን ስሙ። ዘሩ የመጣው መቀመጫውን ፔሩ ካደረገው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ነው። ሲመጣ ስም አልነበረውም፤ የሚጠራው በቁጥር ነበር፦ 393371.58። ጠላቱ ቅጠሉን እያቃጠለ ማሳውን በቀናት የሚያወድም በሽታ ነው። ያንን እንዲቋቋም ተመርጦ፣ ዓመታት ተፈትኖ፣ በምርምር ማሳ በሄክታር ከ400 ኩንታል በላይ ሰጥቶ በመጨረሻ ስም ወጣለት፤ «በለጠ» ተባለ። የምስጢር ቁጥር አለው፣ ባሕር ማቋረጥ አለው፣ ጠላት አለው፣ አገር ማዳን አለው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ልብ በምትሰቀልበት ገጽ ላይ ቆሞ «ይቀጥላል» አላለም። ቀድሞት የወጣ «ጃለኔ» የሚባል ድንችም አለ፤ ኦሮምኛ ለሚሰማ ጆሮ «ወደድነው» ይላል። ሌላ የሚወድላቸው ሲጠፋ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ወደዱት መሰለኝ።

ደግሞም የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ወለጋ ተሻግረው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጎን ተሰልፈው መዋጋታቸውን ለጎረቤቴ ነግሬው ነበር። በጥሞና አዳምጦኝ «ክፍል ሁለት አለው?» አለኝ። የለውም ስለው አዘነልኝ።

የእድሩ የመጀመሪያ ስብሰባ የተደረገው ባለፈው ጾም እሱ ቤት ነው። ስድስት ሆንን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሻጊዝ ተከራከርን፤ አንዱ ተቆጥቶ ወጣ፣ ጫማውን ረስቶ ስለነበር ተመለሰ። የጎረቤቴ ባለቤት ወጥ አቀረበች። ትልልቅ ቁራጭ ድንች ያለበት አልጫ ነው፤ ክርክሩ ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ይሄ ድንች ግሩም ነው፤ ከየት ገዛሽው?» አልኳት።

«ከመንገድ ዳር። ሻጯ አዴ ‹በለጠ ነው ልጄ፣ ውሰጂ› ብለው አንድ መረቁልኝ።»

ጎረቤቴ ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ ቆመ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አየሁ፤ አንድ ገጽ የዘለለ ሰው ድንጋጤ።

«በለጠ ማነው?» አለ። «ስንተኛው ክፍል ላይ ነው የሚገባው?»