ውኃ ለማየትም ይከፈላል?

«አባዬ፣ ደክሞሃል፤ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ሎጅ ይዘንልሃል» አሉኝ ልጆቼ። እኔን ያደከመኝ ጀሪካን ተሸክሞ የጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መውጣት ነው። በፈረቃ የምትመጣዋ ውኃ በውድቅት ሌሊት ስትንፏቀቅ ተነስቶ በርሜል የሚሞላው ማን ሆነና! ይህን እያወቁ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ውኃ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ለማየት ብቻ። ያውም በክፍያ።

ሐይቁ ዳር ካለችው ባቱ ከተማ በጀልባ ተሳፈርን። ጀልባ ነጂው ልጅ ፊቴን አይቶ «አይስጉ አባባ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው» አለኝ። ለመስጠም እኮ ሁለት ሜትርም ይበቃኛል! ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ነው፤ መቂና ካታር የተባሉ ወንዞች ሌት ተቀን ይገብሩለታል። እጄን ልነክር ስል ሐኪሟ ልጄ «ቢልሃርዚያ!» ብላ ጮኸችብኝ። የምንጠጣው ውኃ ታሽጎ ከእኛው ጋር በጀልባ የመጣው ነበር።

ቱሉ ጉዶ ደሴት ደረስን። ማደሪያችን የሣር ጎጆ ነው። እኔ ከሣር ጎጆ ለመውጣት ዕድሜዬን ሙሉ ደሞዝ ስቆጥር ኖርኩ፤ እነሱ ደሞዛቸውን ከፍለው መለሱኝ። በዚያ ላይ «ሲመሽ ወደ ውኃው ዳር አይጠጉ፣ ጉማሬ ይወጣል» ተባልኩ። በእኔ ዕድሜ ማታ ደጅ ለመውጣት ጉማሬን ላስፈቅድ?

ራት ቆሮሶ ተጠበሰ። ዕለቱ ደግሞ ዓርብ። «ዓሣ ለጾም ይበላል» አሉኝ፤ ጾም ትዝ የሚላቸው ለዓሣ ሲሉ ብቻ ነው። ሽሮ ጠየቅሁ፤ ሁሉም አዘኑልኝ።

በማግስቱ ወደ ደብረ ጽዮን ገዳም ሽቅብ ወጣን። ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት ያህል በዚህች ደሴት ተሸሽጋ ነበር ይላል ትውፊቱ። ለእሷስ ምክንያት ነበራት፤ እኔ ግን ከማን ሸሽቼ ነው ይህን ዳገት የምወጣው?

ከጉዞው ሁሉ የጣመኝ ከአንድ የዛይ ሽማግሌ ጋር ጥላ ሥር መቀመጤ ነው። ከልጅ ልጃቸው ጋር በዛይኛ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ለስልጤና ለሐረሪ ቋንቋ የሚቀርብ ነው፣ ለእኔ ግን የሚገባኝ ቃል አንድ ሁለት ብቻ ነበር። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ተግባባን፤ ርዕሳችን ልጆቻችን ነበሩዋ! የደሴቱ ወጣት ወደ መቂና ወደ ባቱ ከተሞች እየተሻገረ ማለቁን ነገሩኝ። የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ጭራሽ አዲስ አበባ ገብቷል።

«የት ሰፈር?»

«ጀሞ።»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ሐይቁን አየት አድርገው «እዚያ ውኃ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለ» አልኳቸው፤ «ማክሰኞ ማክሰኞ።»

አሁን ደግሞ ለከርሞ ጣና ነው ይላሉ። 37 ደሴት! ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም ብዬ ለባለቤቴ አስረዳኋት፤ ተቆጥታ ጉዞውን ታስቀርልኛለች ብዬ። እሷ እቴ! «አንተ ገብተህ ስትሳለም እኔ ጀልባው ላይ አርፋለሁ» አለች። ይቺ ሴት ከልጆቹ ጋር መክራለች።