«እስከ»

አሜሪካን የምከሳት በአንዲት ቃል ነው፤ «እስከ» በምትባል። በፖስታ በሚመጣልን የኢንተርኔት ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ቁጥሩ እንደ አውራ ዶሮ ተነፋፍቶ ይቆማል፦ 24 ሜጋቢት! ከጎኑ፣ መነጽሩን የረሳ ሽማግሌ እንዳያያት ሆና «እስከ» ኩርምት ብላለች። ደሴ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «እስከ አንድ ኩንታል ጤፍ እሸጥልሃለሁ» ብሎ ሁለት ቁና ቢሰፍር፣ ሳይመሽ ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር። እዚህ ግን ፈርሜ እከፍላለሁ።

ፍላጎቴ ደግሞ ኢምንት ናት። ፊልም አላይ፣ ጌም አልጫወት። ደሴ ያሉትን እትዬን በቪዲዮ ማየት፣ በቃ። በብርዱ ወራት እሳቸው ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ቨርጂኒያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ይቺን ሰዓት ያዙልኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ ከሷ ነው።

መጀመሪያ በስልክ መስመር የሚመጣውን፣ ዲኤስኤል የሚሉትን አስገባሁ። ስልክ እንደሆነ የጥንት ወዳጃችን ነው ብዬ። ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ማስዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ካህናቱ ያን ጊዜ «የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው ነበር ይባላል። ዕድሜ ልኬን ስቄባቸው ኖሬ፣ አሁን ይቅርታ እየጠየቅኳቸው ነው።

አሠራሩን ሲያስረዱኝ ደስ ይል ነበር። የሰው ወሬ በመዳቡ ሽቦ ውስጥ የሚይዘው ምድር ቤቱን ብቻ ነው፣ እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን፤ ኢንተርኔቱ ከሱ በላይ ያለውን ፎቅ ይከራያል። ሁለቱ ተከራዮች እንዳይበጣበጡ በየስልኩ ጭራ ማጣሪያ ይሰካል። የመኝታ ቤቱን ስልክ ረስቼ ኖሮ፣ ባነሳሁት ቁጥር እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተክብኝ ነበር። ይህስ ይሁን። የመጣልኝ ግን ሁለት ሜጋቢት ነው። «ሃያ ሁለቱስ?» አልኩት ባለሙያውን። «ቤትዎ ከስልክ ማዞሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይሞታል» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ! የምኒልክን መልእክት 477 ኪሎ ሜትር ያሻገረ ሽቦ ለኔ አምስቷ ከበደችው? ቤቱን ስገዛ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው ወይ፣ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። የስልክ ማዞሪያው የት ነው ብሎ ቤት የገዛ ሰው ካለ አሳዩኝ።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ኬብል ይሻልዎታል» አለኝ። ያ ወፍራሙ የቴሌቪዥን ገመድ ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቴሌቪዥን ሲያመላልሱበት ኖረው ኢንተርኔቱን ኋላ ጫኑበት። ሠራተኛው «ከ2 እስከ 6 ሰዓት እመጣለሁ» ብሎ ቀጠረኝ። እዚህም አለች፣ አያችኋት? ከ6 ሰዓት በኋላ መጣ።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀን ቀን ፈረስ ነው። ማንንም የማናግርበት ጉዳይ በሌለኝ ሰዓት እንደ ጉድ ይጋልባል። ማታ ግን… የስልኩ ሽቦ ቢደክምም ከቤቴ እስከ ማዞሪያው የግሌ ነበር። ኬብሉ የሰፈር ነው፣ እንደ ቦኖ ውሃ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግራ ጎረቤቴ ኳስ ያያል፣ ቀኝ ጎረቤቴ ሦስት ጎረምሶች አሉት፣ ማዶ ያለችው ሴትዮ ተከታታይ ፊልም ጀምራለች። ቦኖ ቢሆን እንኳ እንስራዬን አሰልፌ ተራ ይደርሰኝ ነበር፤ እዚህ ተሰላፊው አይታይ፣ ከማን ጋር ልጣላ?

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ወደኛ የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ ከኛ የሚወጣው የፍየል መንገድ ነው። የቆየው የአሜሪካ ኬብል ሽቅብ ለሚሄደው የመደበው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለችውን ጠባብ ሰርጥ ነው፤ የቀረው ለቁልቁሉ። ዲኤስኤሉም ቢሆን ያው ነው። ሰው ይሰማል እንጂ አይናገርም ብለው ነው መሰል የቀየሱት። ስለዚህ የእትዬ ወሬ በኩንታል ይገባል፣ የኔ በጣሳ ይወጣል። እኔ እሳቸውን ጥርት አድርጌ አያለሁ፣ እሳቸው የሚያዩኝ ደርቄ ነው።

የሞደሙን ኪራይ አላነሳም፣ ደሜ ይፈላል። ከዓመት በኋላ ሳይነግሩኝ ያደገውን ሂሳብም እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ያን አሮጌ ስልክ ናፈቅሁ፤ 48 ቮልቱን ከማዞሪያው ይዞ ስለሚመጣ ጨለማ አያውቅም ነበር። የኬብሉ ስልክ ሞደሙ ሲጠፋ አብሮት ይሞታል።

ትናንት ማታ ደግሞ፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ እትዬ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። «አፍህን ከፍተህ ቀረህ እኮ! ዝንብ ይገባል፣ ግጠመው።»

«መስመሩ ነው እትዬ፣ ጎረቤት ኳስ እያየ ነው።»

«ኳስና አንተን ምን አገናኛችሁ? እኔ በእጅ ስልኬ ደህና ነኝ። አሜሪካ ኔትወርክ አልገባም እንዴ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዘናቸው ከፊታቸው ይነበባል፣ እሱ ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው። «ለፋሲካ ሰው ይመጣል። ከበርበሬው ጋር ያን ብልጭ ብልጭ የሚለውን ሣጥን ገዝቼ ልላክልህ?»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ትልቁን ይላኩልኝ» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። አፌ አሁንም እንደተከፈተ ነበር።