ቢልጫና የበዓል ማዕድ

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ሲውል የዶሮ ነጋዴ ፊቱ ይጠቁራል፣ የዓሣ ነጋዴ ይፈካል። ገናና ጥምቀት ረቡዕም ዋሉ ዓርብ ይበላባቸዋል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይህን መብት አላገኘም። በ2017 መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። መስቀልም ያው ዓርብ ሆነ፤ አንዱ ረቡዕ ከዋለ ሌላው ከዓርብ አያመልጥም።

እህቴ ቤት ሐዋሳ ተሰብስበን ነበርና ዓሣ እንዲገዛ ተወሰነ። ውሳኔው እናቴን አይጨምርም። እሷ ዘንድ ዓሣ ደም አለው፣ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው፤ የሚበላ ይብላ ብላ ወደ ሽሮዋ ዞረች።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስደርስ ቆሮሶው አልቋል። ግማሹ ከተማ ቀድሞኛል። የቀሩት አምባዛና ቢልጫ ናቸው። አምባዛው ፂሙን አንጠልጥሎ ገና ይተነፍሳል፤ ከውሃ ወጥቶም አየር እየሳበ ለሰዓታት የሚቆይ ፍጡር ነው። ግን ቅርፊት የለውም፤ በኦሪቱ ሕግ የእናቴን ድስት አይነካም። ቢልጫውን ሳነሳ ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ እሾህ ብቻ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የቆመው ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ግን የተለየ አስተያየት ያለው ይመስል ነበር።

ሐሜቱ ሐሰት አይደለም። ቢልጫ ከጎድን አጥንቱ ሌላ፣ ጫፋቸው መንታ የሆነ ቀጫጭን እሾሆች ሥጋው ውስጥ ተሰግስገውበታል። ፊሌቶ ላውጣ ያለ ሰው እሾሁንም አብሮ ያወጣል። ስለዚህ እሾሁን መልቀሙን ትቶ መቆራረጥ ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ ውሃው በደንብ ይደርቃል። ከዚያ በስል ቢላዋ፣ በሁለቱም ጎን፣ ከጭራው እስከ አንገቱ ይተለተላል። በአንዱ ቁርጥና በሌላው መካከል የክብሪት እንጨት ስፋት ቢቀር በቂ ነው። ቢላዋው አከርካሪው ጋ እስኪደርስ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል፤ ያ የእሾሁ ድምፅ ነው። ድምፁ ካልተሰማ ወይ ቢላዋው ደንዟል፣ ወይ የገዛችሁት ቆሮሶ ነው።

ጨው፣ ሎሚ፣ ጥቂት የስንዴ ዱቄት። ሌላ ምንም! እህቴ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይዛ ብቅ ስትል በሩ ላይ አስቆምኳት። በርበሬ የሚያሻው ትናንት ለተያዘ ዓሣ ነው። ዘይቱ በደንብ ሲግል ዓሣው እንዳለ ይገባል፤ የተተለተለው ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ ዘይቱም ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። ቆዳው ወርቃማ ሆኖ ሲደርቅ ቀጭኑ እሾህ ከሥጋው ጋር ተንኮሻክሾ ይበላል። ዳጣው ለብቻው ይቀርባል፤ ዓሣው ላይ የሚያፈስ እንግዳ ካለ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ወፍራሞቹ አጥንቶች ግን አሉ፣ አልዋሽም። እኔ እንዲያውም የቢልጫ ትልቁ ጸጋ እነሱ ናቸው እላለሁ። የእህቴ ባል የበዓል ማዕድ ላይ ከተቀመጠ የዶላርን ምንዛሪ ከሥሩ ጀምሮ ሳያስረዳ አይነሳም። ቢልጫ ደግሞ እያወሩ አይበላም። ሰውዬው አንድ ጉርሻ ወሰደ፣ «ዋናው ችግር ምን መሰላችሁ...» አለ፣ ከዚያ በምላሱ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። አገኘው፣ አወጣው፣ ደግሞ ጎረሰ። የዓሣው ጀርባ እስኪራቆት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ ከሽሮዋ ቀና ብላ አየችው፣ አየችውና ወደ እህቴ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ ባልሽን አሞታል እንዴ?»